አንድ ጀልባ ለሐይቅም ለወንዝም፣ አራት ሰው ላለው ቤተሰብ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፤ አሁን በዋሽንግተን ስቴት፣ ሬንተን ከተማ እኖራለሁ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ሴቷ 11 ዓመቷ፣ ወንዱ 6 ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፍላይ ፊሺንግ (ነፍሳት የሚመስል ቀላል ማጥመጃ በመስመር እየወረወሩ አሳ ማጥመድ) አስተማረኝና ልቤን ወሰደው። እስካሁን የማጠምደው ዳር ቆሜ ነው። አሁን ጀልባ ገዝቼ ቤተሰቤን ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሐይቅ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ደግሞ ያኪማ ወንዝ። አንድ ሰው ያገለገለ ድሪፍት ቦት (ለወንዝ የተሠራ የሚቀዘፍ ጀልባ) ከነተጎታቹ በ6,500 ዶላር ሊሸጥልኝ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ባለ ሞተር 18 ጫማ ግዛ፣ ሁሉን ይሠራልሃል› ይለኛል። የምንኖርበት ግቢ ተጎታች ማቆም አይፈቅድም። ባለቤቴ ዋና አትችልም፤ ‹ልጆቼን ወንዝ ላይ አታወጣም› ብላኛለች። አማቴም ከአገር ቤት መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው፤ ‹የያዝከውን አሳ መልሰህ ከለቀቅከው ለምን ትደክማለህ?› ይሉኛል። ምን ልግዛ?»

መልስ

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ምክንያቱን ከዚያ እናወራለን። ድሪፍት ቦቱን አይግዙ። የጓደኛዎን ባለ 18 ጫማም ይተዉት። ለእናንተ የሚሆነው በአየር የሚነፋ ባለ 14 ጫማ ራፍት ነው፤ ወለሉ የገባበትን ውሃ ራሱ የሚያስወጣ፣ የቀዘፋ ፍሬሙም ተፈታቶ የሚታሰር። እሱንም ቢሆን ባለቤትዎ አንድ ቀን ተቀምጠው ሳያዩት አይግዙት።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ የአገራችን ሰዎች። ጀልባም እንዲሁ ነው። ሐይቅንም ወንዝንም እኩል አሳምሮ የሚሠራ ጀልባ አላየሁም። ስለዚህ የሚፈለገው አንዱን በደህና የሚሠራና በሌላው ላይ ቤተሰብን አደጋ ላይ የማይጥል ነው። ይህንን ሲያስቡ ደግሞ መለኪያው እርስዎ አይደሉም፤ የ6 ዓመቱ ልጅና ዋና የማይችሉት እናቱ ናቸው።

ይህን የምለው ስለከፈልኩበት ነው። የመጀመሪያ ጀልባዬን የገዛሁት ለራሴ ነበር፤ ባለ 12 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ፣ ለአንድ ሰው የምትመች፣ ለሁለት ሰው የምትበቃ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴንና የያኔውን የ7 ዓመት ልጄን ይዤ ሌክ ሳማሚሽ ላይ ወጣሁ። ጠዋት መስታወት መስሎ የተኛው ሐይቅ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነፋስ ተነሳበት። ማዕበሉ ትልቅ የሚባል አልነበረም፤ ለዚያች ጀልባ ግን በዛባት። ውሃው በጎኗ እየዘለለ ልጄ እግር ሥር ገባ። ማንም ሳይጎዳ ዳር ደረስን። ልጄ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ጀልባ ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጀልባዋን ስመርጥ ያሰብኩት ዘንግ ይዤ ስቆም እንዴት እንደምትመቸኝ እንጂ የልጄ እግር የት እንደሚያርፍ አልነበረም።

ልብዎ ድሪፍት ቦቱ ላይ እንዳለ ከደብዳቤዎ ያስታውቃል፤ ስለዚህ ስለሱ ትንሽ ልቆይ። ድሪፍት ቦት የኦሪገን ልጅ ነው፤ በማኬንዚ ወንዝ ላይ ለሚሠሩ አስጎብኚዎች ተብሎ የተበጀ። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን ጎበጥ ብሎ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ላይ ይነሳሉ። ውሃውን የሚነካው መሐሉ ብቻ ስለሆነ በአንድ የመቅዘፊያ ምት ይዞራል። ቀዛፊው ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ይቀመጥና ወደ ኋላ እየቀዘፈ ጀልባውን ከወንዙ ፍጥነት ያዘገየዋል፤ ከፊትና ከኋላ ያሉት ሁለት ሰዎች በዚያች በተገኘች ጊዜ ይወረውራሉ። ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ ነገር የለም። ግን ይቁጠሩት፤ አንድ ቀዛፊ፣ ሁለት አጥማጅ፣ ሦስት ሰው ነው። እናንተ አራት ናችሁ፤ አማትዎ ሲጨመሩ አምስት። ሐይቅ ላይ ሲወጣ ደግሞ ያ በአንድ ምት የመዞር ጸጋው ጣጣ ይሆናል። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ከፍ ያለው ጎኑም ነፋሱን ሰብስቦ ይዞዎት ይሄዳል። አብዛኛው ቀናችሁ ሐይቅ ላይ ነው ብለውኛል። ግቢያችሁም ተጎታች አያስገባም፤ ስለዚህ በየወሩ የማቆሚያ ኪራይ ሊከፍሉ ነው። ኪራዩን የሚከፍሉበት ጀልባ ደግሞ ከቤት ሩቅ ይቆማል፤ ሩቅ የቆመ ጀልባ ብዙ አይወጣም።

የ18 ጫማው ነገር አጭር ነው። ትልልቆቹ ሐይቆች ላይ ሊያስደስታችሁ ይችላል። ከሮዛ ግድብ በላይ ባለው ያኪማ ላይ ግን ከግድቡ አጠገብ ካለች አጭር ቦታ በቀር የነዳጅ ሞተር ከተገጠመበት ጀልባ ማጥመድ ክልክል ነው። ኖርዝ ቤንድ አጠገብ ያለው ራትልስኔክ ሌክም የነዳጅ ሞተር አያስገባም። ፊዳልጎ ደሴት ላይ ያለው ፓስ ሌክ ደግሞ ለፍላይ ፊሺንግ ብቻ የተተወ ሐይቅ ነው፤ እዚያ በሞተር እየሄዱ ማጥመድ የለም። እንግዲህ ፍላይ ለሚወረውር ሰው የተመቹት ውሃዎች ናቸው በሩን የሚዘጉበት። ተጎታቹ አሁንም ተጎታች ነው።

ወንዙን ጨርሰው ቢተዉት ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ባለ 14 ጫማ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ጀልባ፣ ጆን ቦት የሚሉትን፣ ከትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ይግዙ እልዎት ነበር። ወለሉ ሰፊ ነው፣ ልጅ ይቆምበታል፣ ዋጋውም ይቀላል። ካኑ የሚሉትን ጠባብ ጀልባ ግን ከሁለት ልጆችና ከፍላይ ዘንግ ጋር አልመክርም። የ6 ዓመት ልጅ አሳ ሲያይ ብድግ ይላል፤ ካኑ ይህንን አይችልም።

አሁን ወደ ራፍቱ። ባለ 14 ጫማ ራፍት መሐሉ ላይ የቀዛፊ መቀመጫ፣ ከፊት የአጥማጅ ወንበር ይኖረዋል፤ ከወንበሩ ፊት ቆመው ሲወረውሩ ጭንዎን የሚያስደግፉበት ብረት አለ። ከኋላ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አግዳሚ ማስገጠም ይቻላል። እርስዎ ይቀዝፋሉ፣ ሴት ልጅዎ ከፊት ትወረውራለች፣ እናትና ወንድ ልጅ ከኋላ ይቀመጣሉ። ግራና ቀኙ አየር የተሞላ ወፍራም ቱቦ ስለሆነ ሰው ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል አይደናገጥም። ቱቦው በውስጡ ለየብቻ የታሸጉ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ቢቀደድ ሌሎቹ ያንሳፍፉታል። ወለሉም ራሱ የተነፋ ፍራሽ ነው፤ ዳር ዳሩን ባሉት ቀዳዳዎች ውሃው ተመልሶ ይወጣል። በእኔ ጀልባ የልጄ እግር ሥር የተጠራቀመው ውሃ በዚህኛው አይጠራቀምም። ለእኔ ትልቁ ነገሩ ይህ ነው።

ለሐይቅ ጊዜ ከፍሬሙ ኋላ የሞተር ማሰሪያ ይጨምሩና ባለ 12 ቮልት የኤሌክትሪክ ሞተር ይግጠሙ። ባትሪውን ሊትየም ያድርጉት። 100 አምፕሄር የሚይዘው የእርሳስ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ሊትየሙ የዚያን ግማሽ እንኳን አይሞላም፣ ዕቃ የሚሸከሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ሞተር ሲገጠም የምዝገባ ጉዳይ እንደሚነሳ ይወቁ። ከ16 ጫማ በታች የሆነና ሞተሩ ከ10 የፈረስ ጉልበት የማይበልጥ ጀልባ በትንንሾቹ ሐይቆች ላይ ያለ ምዝገባ ይሄዳል። ሌክ ዋሽንግተን ግን የፌዴራል ውሃ ስለሆነ ያስመዘግባል። የባለ ጀልባ የትምህርት ካርድ የሚጠየቀው 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሞተር ነው፤ የእናንተ እዚያ አይደርስም።

ራፍት እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ነፋስ ሐይቅ ላይ ይገፋዋል፤ ከድሪፍት ቦቱ ያነሰ ቢሆንም ይገፋዋል። ለዚህም ነው ሞተሩን ያነሳሁት። ሲጀምሩ ነፍቶ፣ ፍሬሙን ገጥሞ፣ አስሮ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ልጆቹ በዚያች ሰዓት እንዳይሰለቹ ሥራ ይስጧቸው፤ ትንሹ ማሰሪያዎቹን በየቀለማቸው ይደርድር፣ ትልቋ የአየር መለኪያውን ታንብብ። ጠዋት በብርድ አጥብቀው ነፍተው ፀሐይ ላይ ጥለውት አይሂዱ፤ አየሩ ሲሞቅ ይሰፋና ስፌቱን ይጎዳዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይለሰልሳል፤ ያኔ ትንሽ ይጨምሩለት። ከውሃ መልስ ሳያደርቁ አይጠቅልሉት። ይህንን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የጣና ታንኳ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳልና ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። ራፍት ውሃ ባይጠጣም እርጥብ ከታሸገ ይሻግታል፤ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የማይፈለግ ተክልና ነፍሳትም ይዞ ይሄዳል።

ያገለገለ ቢገዙ ደስ ይለኛል፤ ከድሪፍት ቦቱ ዋጋ ባነሰ ከነፍሬሙ ሊያገኙ ይችላሉ። ግን ሻጩ አስቀድሞ ማታውኑ ነፍቶት እንዲያሳድር ይጠይቁት። ጠዋት ሲደርሱ በእጅዎ ይጫኑት፤ ትንሽ ለስልሶ ቢያገኙት የሌሊቱ ብርድ ነው፣ አንዱ ክፍል ብቻ ረግቦ ካገኙት ግን ቀዳዳ አለ። የሳሙና ውሃ በስፖንጅ ይዘው ስፌቱን፣ የአየር መሙያዎቹን ዙሪያ፣ ወለሉ ከቱቦው የሚገናኝበትን ይቀቡ፤ አረፋ የሚነሳበት ቦታ ያጋልጠዋል። ተለጥፎ የተጠገነ ቀዳዳ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ሙጫው በረጅሙ እየተላቀቀ ያለ ስፌት ነው፤ እሱን ካዩ አመስግነው ይመለሱ። ጨርቁ ሃይፓሎን የሚሉት ሰው ሠራሽ ጎማ ከሆነ ፀሐይ ይችላል፣ አነስ ብሎም ይጠቀለላል። ፒቪሲ የሚሉት ፕላስቲክ ከሆነ ይረክሳል፣ ግን ደረቅ ስለሚል ጥቅልሉ ይተልቃል፤ መኪናዎ ውስጥ ይገባ እንደሆነ እዚያው ጠቅልለው ይሞክሩት። ፍሬሙ መገጣጠሚያዎቹ የሚፈቱ ይሁን፤ በአንድ የተበየደ ፍሬም ከሆነ ያው ተጎታች ሊፈልጉ ነው። ከኋላ የታተመውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ከሻጩ ወረቀት ጋር ማመሳከርም አይርሱ። መቅዘፊያዎቹ ለዚህ ስፋት ከ9 እስከ 10 ጫማ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ሦስተኛ መጠባበቂያ የሌለው ሰው ወንዝ አይግባ።

ፍላይ ፊሺንግ ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ መስመሩ እግር ሥር ይከማቻል። ማንኛውም የወጣ ነገር፣ የማሰሪያ ጫፍ፣ የጫማ ክር፣ የልጅ ቦርሳ ማንጠልጠያ ይይዘዋል። ስለዚህ የፊተኛው ወንበር ዙሪያ ባዶ ይሁን፤ የማሰሪያዎቹን ጭራ ሁሉ ጠቅልለው ይደብቁ። መንጠቆውን በተመለከተ፣ ወደ ኋላ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጥርሱን በፒንሳ ይጨፍልቁት። ያኪማ ላይ ሕጉ ራሱ ይህንን ይጠይቃል፤ እኔ ግን ልጅ ባለበት ጀልባ ላይ የትም ቢሆን ይህንኑ አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን የአንዱ ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ጥርስ የሌለው መንጠቆ በቀላሉ ይወጣል። ሁሉም ሰው መነጽርና ኮፍያ ያድርግ፣ የማያጠምዱትም ጭምር። በአንድ ጊዜ አንድ ዘንግ ብቻ ይወርወር። ሴት ልጅዎ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ወንድሟ፣ ከዚያ እናታቸው። እርስዎስ? የመጀመሪያውን ዓመት እርስዎ ቀዛፊ ነዎት። ይህን ከአሁኑ ካልተቀበሉት ጀልባውን አይግዙ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ፤ ይህንን መካከል ላይ ያስቀመጥኩት ስላነሰብኝ አይደለም። ፍርሃታቸውን እንደ እንቅፋት አይዩት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ እሳቸው ይህን አልረሱም፣ እኛ አጥማጆቹ ነን በደስታ ብዛት የምንረሳው። ስለዚህ ለማሳመን አይከራከሩ። ያኪማ ላይ ከፈቃድ ጋር የሚሠሩ አስጎብኚዎች አሉ፤ ራፍት ያለው አንዱን ለግማሽ ቀን ይቅጠሩ። አራታችሁም ተቀመጡ፤ እርስዎም ዘንግ አይያዙ፣ የቀዛፊውን እጅ ብቻ ይመልከቱ። ከጉዞው በኋላ ባለቤትዎ አሁንም «አይሆንም» ካሉ፣ ሐይቅ ብቻ ሂዱ፤ ያኔ ወደ ጆን ቦቱ እንመለሳለን። ከጉዞው በፊት ደግሞ ለእሳቸውም ለልጆቹም የዋና ትምህርት ያስጀምሩ፤ በየሰፈሩ ያሉ የሕዝብ መዋኛዎች ለአዋቂ ጀማሪዎችም ክፍል አላቸው።

ላይፍ ጃኬትን ሰው አሳንሶ ያየዋል። የዋሽንግተን ሕግ ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ጀልባው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ እንዲለብስ ያስገድዳል፤ ሁለቱም ልጆችዎ እዚህ ውስጥ ናቸው። በእናንተ ጀልባ ግን አምስታችሁም ትለብሳላችሁ፤ እርስዎ ካልለበሱ ልጅዎ ቅጣት ይመስለዋል። የልጆች ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፤ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ አንድ መጠን፣ ከ50 እስከ 90 ሌላ መጠን ነው። ለትንሹ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና አንገቱን ከኋላ የሚደግፍ ያለውን ይግዙ። አልብሰውት ትከሻውን ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ጃኬቱ እስከ ጆሮው ከወጣ ትልቅ ነው። «ያድግበታል» ብሎ መግዛት ለጫማ ይሆናል፤ ለዚህ አይሆንም። ባለቤትዎን ከአስጎብኚው ቀን በፊት ረጋ ባለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ጃኬቱን ለብሰው እንዲንሳፈፉ ይጠይቋቸው። ጃኬቱ እንደሚይዛቸው በአካላቸው ካወቁት ለግማሹ ፍርሃት መልስ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ወንዙ። ያኪማ ከሌሎች ወንዞች የተለየ ጠባይ አለው፤ ይህንን ሳያውቁ የሚሄዱ ቤተሰቦች ያሳስቡኛል። ሌላው ወንዝ በጁላይና በኦገስት ሲጎድል ያኪማ ይሞላል። ምክንያቱም ከላይ ያሉት የኪችለስ፣ የካቺስና የክሌ ኤለም ግድቦች ለሸለቆው እርሻ ውሃ የሚለቁት ያኔ ነው። ኤለንስበርግ ካለፉ በኋላ ባለው ገደላማ ሸለቆ ውስጥ በሙቀቱ ወራት በሰከንድ ከ3,000 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ሊፈስ ይችላል። ሴፕቴምበር ሲጀምር ከላይ ያለው ውሃ ይቀነስና ለእርሻው ከናቼስ ወንዝ በኩል ይለቀቃል፤ የአካባቢው ሰው «ፍሊፕ ፍሎፕ» ይለዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሸለቆው ውስጥ ያለው ወንዝ ይወርዳል፣ ዝግ ይላል፣ ጠጠሩ ይታያል። የእናንተ ጊዜ ይህ ነው፤ ሴፕቴምበር አጋማሽና ኦክቶበር መጀመሪያ። ሙቀቱ በርዷል፣ በጎማ ቱቦ የሚንሳፈፈው ሕዝብም ተበትኗል። ከቤት ሳይወጡ ሸለቆው ውስጥ ኡምታነም የሚባለው ቦታ ላይ ያለውን የውሃ መለኪያ ይመልከቱ፤ በሰከንድ ከ2,000 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ከሆነ የመጀመሪያ ዓመትዎ ነውና ሐይቅ ይሂዱ።

ከክሌ ኤለም አካባቢ አይጀምሩ። እዚያ ወንዙ ይከፋፈላል፣ የወደቀ ዛፍም ይበዛዋል። ውሃ በቅርንጫፍ መካከል ሲያልፍ ያያሉ፤ ጀልባና ሰው ግን አያልፍም፣ ይጣበቃል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከድንጋይ ይልቅ የወደቀ ዛፍን የሚፈሩት ለዚህ ነው። ሸለቆው ውስጥ ያለው ክፍል ግን ለጀማሪ የዋህ ነው፤ መንገድ 821 ከወንዙ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ጉዞ ማሳጠር ቢያስፈልግ ከሰው አይርቁም። ኡምታነም ገብተው ወደ ታች ካሉት መውጫዎች በአንዱ ይውጡ። ታች ሮዛ ግድብ አለ፤ የት እንደሚወጡ ጠዋት በመኪና ሄደው በዓይንዎ ሳያዩ አይግቡ። መኪናዎን ታች አድርሶ የሚያቆም አገልግሎት በክፍያ ይገኛል፤ ያለበለዚያ ሁለተኛ መኪና ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ልጆች ሲርባቸው ወንዙ ቢያልቅ ይሻላል።

ቀዘፋው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይያዙ። የሚፈሩትን ነገር ፊት ለፊት ይመልከቱት፣ የጀልባውን አፍንጫ ወደሱ ያዙሩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየቀዘፉ ይሽሹት። ሰው ሲደነግጥ ወደ ፊት እየገፋ ሊያመልጥ ይሞክራል፤ ያኔ የወንዙን ፍጥነት በራሱ ፍጥነት ላይ ይጨምራል። ይህንን እጅዎ እስኪለምደው ሐይቅ ላይ በቆመ ተንሳፋፊ ምልክት ዙሪያ ይለማመዱ። መልህቅን በተመለከተ፣ ሐይቅ ላይ ይጠቀሙ፤ ወንዝ ላይ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ጭራሽ አይዙት። በፈጣን ውሃ የተጣለ መልህቅ ጀልባን አጎንብሶ ያሰምጣል። ቆሞ ማጥመድ ሲያምራችሁ ጠጠር ላይ ወጥታችሁ ቁሙ፤ ልጆቹም ድንጋይ መወርወር ይፈልጋሉ።

የአማትዎ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ አክብረው ይመልሱላቸው። ከሮዛ ግድብ በላይ ያለው ያኪማ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትራውት የሚባለው አሳ ተይዞ የሚለቀቅበት ወንዝ ነው። ዛሬ ያለው ትራውት እዚያው የሚራባ የወንዙ ተወላጅ ነው፤ ሰው ቢበላው ከውጭ አምጥቶ የሚተካ የለም። ሐይቁ ግን ሌላ ነው። የአሳና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ቆላማ ሐይቆች ውስጥ ትራውት ይጨምራል፤ በአጠቃላይ ደንቡ አንድ ሰው በቀን 5 ይዞ መሄድ ይችላል፣ በየሐይቁ የተለየ ደንብ ካለ ግን ያንን ያስቀድሙ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ፈቃድ መግዛት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ልጆችዎ ይዘው የመጡትን አሳ እሳቸው ጠብሰው ያብሉ። የልጅ ልጅ ያጠመደውን አሳ የጠበሱ አያት ያንን ጥያቄ ደግመው የሚጠይቁ አይመስለኝም።

ወንዝ ላይ ግን አማትዎን አይውሰዷቸው፤ አራት ይበቃል። ሐይቅ ላይ ከኋላ፣ ከልጅ ልጃቸው አጠገብ፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ያስቀምጧቸው። ሲገቡና ሲወጡ ጀልባው በግማሹ አሸዋ ላይ ይውጣ፤ እርስዎ ውሃው ውስጥ ቆመው እጃቸውን ይያዙ። ጋቢያቸውን እንዳይደርቡ ይንገሯቸው፤ ጥጥ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ብርዱንም ይዞ ይቀራል። በሱ ፋንታ የሱፍ ሹራብ ይልበሱ፣ ላይፍ ጃኬቱ ከላይ ይሁን። ጋቢውን ውሃ በማያስገባ ቦርሳ አድርገው ከወንበራቸው ሥር ያስሩት፤ ዳር ሲወጡ ይደርቡታል።